የታተመበት ዓመት ስንት ነው?



ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ስፖርት ውድድር በዚህ መጽሔት ሌሎች ጽፈዋል። እኛ የምንጽፈው በቤተ መጻሕፍታችን በስተግራ ግድግዳ ስላለችው፣ «ከዚህ አይወጣም» የሚል ወረቀት ስለ ተለጠፈባት መደርደሪያ ነው። በእርሷ ላይ ያሉት መጻሕፍት ወደ ቤት አይወሰዱም፤ እዚያው ተከፍተው ታይተው ይመለሳሉ። መዝገበ ቃላት፣ አትላስ፣ ኢንሳይክሎፔዲያ፣ የጤና መመሪያና የመሳሰሉት ናቸው። ዘንድሮ ከኅዳር እስከ የካቲት አንድ በአንድ አውርደን መርምረናቸዋል። አንዳንዶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፣ አንዳንዶቹ አልተመለሱም። ያልተመለሱት የት ገቡ የሚል ጥያቄ ከወላጆች ስለ በዛብን፣ ያደረግነውንና ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። ልጆቻችን «ሪፈረንስ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ጥያቄና መልስ የያዘውን የፈተና አጋዥ መጽሐፍ ነው። እርሱ ሌላ ነው። ማጣቀሻ የምንለው ከዳር እስከ ዳር የማይነበብ፣ አንድ ነገር ሲያጠራጥረን ገልጠን ጥርጣሬያችንን የምንቆርጥበት መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድ የሚያነብ ልጅ በሐሳቡ ከደራሲው ጋር ይከራከራል። መዝገበ ቃላት ወይም አትላስ የገለጠ ልጅ ግን አይከራከርም፤ ያየውን ገልብጦ ይሄዳል። ስለዚህ ያረጀ ልብ ወለድ ማንንም አይጎዳም። ያረጀ ማጣቀሻ ግን ሊጎዳ ይችላል፤ የሚጎዳውም ስለሚታመን ነው።

ያለን ስብስብ ማንም አስቦበት መርጦ የገዛው አይደለም። ከጎንደር በመተማና በገላባት በኩል በሰው ሻንጣ፣ በሰሊጥ ጫኝ መኪና ጋቢና የመጣ አለ። ከካርቱም የመጣ አለ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የላኩት፣ ሥራ የለቀቀ መምህር ትቶልን የሄደውም አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ሲበትን ወደ ገዳሪፍ ከሸሹት ቤተሰቦች መካከል ከትንሽ ጓዛቸው ውስጥ የልጆቻቸውን መዝገበ ቃላት ያልጣሉ ነበሩ። ስጦታ አይናቅም። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ባለቤቱ ሲጨርሰው ነውና እኛ ዘንድ ሲደርስ ዕድሜው ገፍቶ ነው። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ፣ የክረምቱ እርጥበት፣ ከወለሉ ሥር የሚወጣው ምስጥ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ምርመራውን የጀመርነው ከመጻሕፍቱ ሳይሆን ከጥያቄዎቹ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን በመደርደሪያዋ አጠገብ አንድ ባለ መስመር ደብተር በክር አሠረች። የመጣ ተማሪ ሁሉ ምን ፈልጎ እንደ መጣ ይጽፋል፤ ሲሄድ «አገኘሁ» ወይም «አላገኘሁም» ይላል። መጽሐፉንም ራሱ እንዳይመልስ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዲተወው አዘዝን። እርሷ ማታ ስትሰበስብ በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ በእርሳስ አንድ ጭረት ታደርጋለች። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ከቤት የማይወጣ መጽሐፍ የውሰት መዝገብ ስለማይኖረው፣ ትናንሽ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የትኛው መጽሐፍ እንደሚሠራ የሚያውቁት በዚሁ ዓይነት ቆጠራ ነው።

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ልጆቹ ጠየቁ። «ገዳሪፍ በካርታ ላይ የት ናት?» «ሲምሲም በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» «ሱዳን በስፋት ከአፍሪካ ስንተኛ ናት?» «በእኛ 2005 የተወለደ በፈረንጅ ስንት ይሆናል?» «ወባ የያዘው ሰው ስንት ክኒን ይውጣል?» ደብተሩ ሲሞላ «አላገኘሁም» የሚለው ምልክት ከ«አገኘሁ» በልጦ ተገኘ። ቆዳ ለበሱና የሚያምረው ኢንሳይክሎፔዲያችን ደግሞ ከጥቂት ቅጾች በቀር አንድም ጭረት አልነበረውም።

የመጨረሻዋ ጥያቄ አስደነገጠችን። ልጁ የጠየቀው ለቤት ሥራ አልነበረም፤ ታናሽ እህቱ ታማ እናቱ ልካው ነው። የገለጠው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የታተመ ሲሆን፣ ለወባ ክሎሮኪን እንዲሰጥ፣ መጠኑን በዕድሜ ከፋፍሎ በሠንጠረዥ ያሳያል። ያን ጊዜ ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የወባው ተሕዋሲ መድኃኒቱን ተላመደው። ፋልሲፓረም ለተባለው፣ ገዳዩ ለሆነው የወባ ዓይነት የሚሰጠውን መድኃኒት ኢትዮጵያም ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ2004 ለውጠው አርቴሚሲኒን ወዳለበት ጥምር መድኃኒት ተሻግረዋል። መጽሐፉ ይህን አያውቅም፤ ልጁም መጽሐፉ እንደማያውቅ አያውቅም። ሠራተኛችን እርሳሱን ተቀብላ ወደ ጤና ጣቢያ ላከችው። ያን መመሪያ ለማውረድ ስብሰባ አልጠራንም፤ የዚያኑ ዕለት ወረደ።

ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት መጠን የሚናገር መጽሐፍ በዚያች መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ ወስነናል፤ አዲስም ቢሆን። ክኒን የሚቆጥር ሐኪም እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ስለ በሽታ ምልክትና መከላከያ የሚያስተምሩት ግን ይኖራሉ። በተለይ ስለ ካላ አዛር እንፈልጋለን። ገዳሪፍ በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በብርቱ ከሚጠቁት አካባቢዎች አንዷ ናት፤ ከድንበሩ ወዲያ መተማና ሑመራም እንዲሁ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትደበቀው በጋ ሲመጣ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ መሬት ውስጥ ነው፤ ልጆቻችን ኳስ በሚጫወቱበት መሬት ማለት ነው። ትልቁ ኢንሳይክሎፔዲያ ለዚህ ሁሉ የሰጠው ጥቂት መስመር ነው። ለአውሮፓ ልጅ የተጻፈ ስለሆነ አንፈርድበትም፤ ለእኛ ልጅ ግን አይበቃም።

ስብሰባ ያስጠራን ካርታው ነው። ትልቁን አትላስና ኢንሳይክሎፔዲያውን የሰጡን፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው፣ በዚህ ከተማ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ አባት ናቸው። አትላሱ ሱዳንን በስፋት ከአፍሪካ አንደኛ ይላታል። እስከ ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ድረስ እውነት ነበር። በዚያ ወር ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ሱዳን ከአልጄሪያና ከዲሞክራቲክ ኮንጎ ቀጥላ ሦስተኛ ሆነች። በአትላሱ ላይ ኤርትራ አገር አይደለችም፤ ኢትዮጵያም በክፍለ ሀገር ተከፋፍላለች። ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው፤ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. የተጨመሩ ናቸው። ይህን ያህል በፍጥነት የሚለወጠውን ነገር ለማወቅ ከአሥር ዓመት ወዲህ የታተመ አትላስ እንኳ አያስተማምንም።

ከመወሰናችን በፊት አባትዬውን ጠርተን ማነጋገር ይገባ ነበርና ጠራናቸው።

«ዳይሬክተር፣ ይህን ከካርቱም በሳጥን ጭኜ ሳመጣ እኮ ልጆቼ ገና አልተወለዱም» አሉን። «አሁን አርጅቷል ብላችሁ ልትጥሉት ነው?»

የሚጣል ነገር እንደሌለ ነግረናቸው አትላሱን ገለጥንላቸው። መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት፣ ቀጥሎ ሱዳንን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ከካርቱም ወደ ታች፣ በነጭ ዓባይ በኩል እስከ ጁባ ወሰዱት። እዚያ ቆሙ። በዚያ መስመር ምን ያህል መንገድ እንደ ሄዱ፣ ማንን እንደሚያስቡ አልጠየቅናቸውም።

«እኔ የመጣሁባት አገር ይቺ ናት» አሉ ቆይተው። «የልጆቼ ግን ሌላ ናት ማለት ነው።» ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው የታሪክ መጽሐፍ አድርጉታ!» አሉን።

ሐሳቡ የእሳቸው ነው። አትላሱ ዛሬ የታሪክ መጻሕፍት ባሉበት መደርደሪያ ላይ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የታተመበት ዓመት በትልቁ በቀይ ተጽፎበታል። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን የ7ኛ ክፍል ልጆችን ሰብስቦ አሮጌውንና አዲሱን ካርታ ጎን ለጎን ዘርግቶ «ምን ተለወጠ?» ይላቸዋል። በማጣቀሻው መደርደሪያ ላይ የሚያሳስት የነበረው ካርታ እዚያ የሚያስተምር ሆኗል። ኢንሳይክሎፔዲያው ደግሞ ወደ ቤት ከሚወሰዱት ጋር ተቀላቅሏል። ስለ ዝሆንና ስለ እሳተ ገሞራ የሚለው ዛሬም ያው ነው። ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው የሚለው ገጽ ላይ ግን፣ ፕሉቶ ከነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ድንክ ፕላኔት መባሏን የሚገልጽ ወረቀት ለጥፈናል። በነገራችን ላይ፣ በዓለም የታወቀው ብሪታኒካ እንኳ 32 ቅጽ ካለው እ.ኤ.አ. የ2010 እትሙ በኋላ በወረቀት መታተሙን አቁሟል። ስለዚህ እንደ ድሮው ባለ ብዙ ቅጽ እንግዛ የሚለውን ሐሳብ አልደገፍነውም።

«ገዳሪፍ የት ናት?» የምትለው ጥያቄ ቀላል መስላን ነበር። አዲስ ያገኘነው የእንግሊዝኛ አትላስ ከተማችንን በመጨረሻው የስም ዝርዝር ውስጥ ይዟታል፤ ልጆቹ ግን አላገኟትም። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ መጽሐፍ በ«ጂ» ይጀምራታል፣ ሌላው የዓረብኛውን ቃፍ ተከትሎ በ«ኪው»፣ ሌላው «አል» የሚለውን ቃል አስቀድሞ በ«ኤ»። በአማርኛም ገዳሪፍ የሚል አለ፣ ገዳረፍ የሚል አለ። የገዛ ከተማውን በመጽሐፍ ፈልጎ ያጣ ልጅ መጽሐፉ የእርሱ እንዳልሆነ ነው የሚሰማው። ስለዚህ በአትላሱ መጨረሻ ላይ የአካባቢያችንን ስሞች፣ ገላባትን፣ ከሰላን፣ ኡም ራኩባን፣ ሾዋክን፣ በየትኛው ፊደል እንደሚገኙ የሚጠቁም ገጽ ጽፈን አስገብተናል።

መተማ ደግሞ የባሰች ናት። በአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት የመተማ ጦርነት የሚባለው በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የገላባት ጦርነት ይባላል። መተማን ብቻ ይዞ የፈለገ ልጅ ከሸንዲ ማዶ በናይል ዳር ያለችውን ሌላዋን መተማ ያገኛል፤ በዚህ ዓመት አንድ ተማሪያችን አፄ ዮሐንስን እዚያ አስወድቋቸው መጥቷል! ዓመቱም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1881፣ በፈረንጅ 1889፣ በሂጅራ 1306 ነው። ሦስት መጻሕፍት ሦስት ቁጥር ሲሰጡት ልጁ ሁለቱ ተሳስተዋል ብሎ አንዱን ይመርጣል። ሦስቱም ትክክል መሆናቸውን የሚነግረው መጽሐፍ አልነበረንም።

ያን የሚነግር መጽሐፍ ስናጣ ራሳችን ሠራነው። የሒሳብ መምህራችን ከ1960 እስከ 2020 ዓ.ም. ያለውን የዘመን ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በላስቲክ አስለብጦታል። ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ልጆች አሉ እንበል፤ አንዱ ታኅሣሥ 20፣ ሌላው ታኅሣሥ 25 ቀን 2005 ዓ.ም. የተወለዱ። የመጀመሪያው በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 2012 ነው፤ ሁለተኛው ጃንዋሪ 3 ቀን 2013። በአምስት ቀን ዓመቱ ተለወጠ። «ሰባት ደምር» ብቻ የተባለ ወላጅ ለሁለተኛው 2012 ብሎ ያስመዘግባል። ከዚያ የፈተናው ቅጽ አንድ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ፣ የስደተኛ ካርዱ ሌላ ይሆንና ልጁ በየመስኮቱ ራሱ ራሱን መሆኑን ሲያስረዳ ይኖራል። የጳጉሜንም ነገር አለ፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በሌላው ዓመት 11 ላይ ነው። ሠንጠረዡ ይህን ሁሉ አስልቶ ይዟል። ከተለጠፈ ወዲህ በብዛት ጭረት የሚደረግበት እርሱ ሆኗል፤ ከተማሪው ይልቅም ወላጁ ይመጣበታል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነውና የልደት ቀን የምታስሞሉ ሁሉ እየመጣችሁ ተመልከቱ።

ካርታና መድኃኒት ሲያረጁ ይወርዳሉ ብለናል። መዝገበ ቃላት ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ በዚህም ላይ ከወጣት መምህራን ጋር ጥቂት ተከራክረናል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጠርዙ በምስጥ ተበልቶ ነበር። «ይህስ?» አሉን። ይህማ አይወርድም! እኛ ያለንበት አገር በትራክተር የሚታረስ ሰፊ ሜዳ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሞፈርን፣ ድግርን፣ ወገልን የት ያያቸዋል? ያያቸው ሰው በሰየማቸው ቃል ካልሆነ በቀር አያያቸውም። ጠርዙን አስጠርዘን መልሰነዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው አማርኛ መዝገበ ቃላት ከጎኑ ተቀምጧል፤ ለዕለት ሥራ እርሱ ይቀላል።

የደስታ መዝገበ ቃላት የሚያስቸግረው በእርጅናው ሳይሆን በአቀማመጡ ነው። እንደ መምህራቸው እንደ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሁሉ ፊደሉን የደረደሩት በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ነው። ልጆቹ «በ»ን መሐል ላይ ፈልገው ያጡና «የለም» ብለው ይዘጉታል። የአበገደን ተራ በወፍራም ወረቀት ጽፈን ከሽፋኑ ውስጥ ለጥፈናል። በዓረብኛ ትምህርት «አብጀድ» የሚለውን የለመዱት ልጆች ከሌሎቹ ቀድመው ገባቸው፤ ክፍሉም ሁለቱ ተራዎች ዘመዳሞች መሆናቸውን ከእነርሱ ተማረ።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ስልክ አለ አይደል?» የሚሉንም አሉ። ስልክ አለ፤ ኔትወርክ ሲኖር። በጥር 2016 ዓ.ም. አብዛኛው ሱዳን ለቀናት ኔትወርክ አጥቶ እንደ ነበር የረሳ የለም። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ሆኖም ስልኩን አልናቅነውም። ኪዊክስ የተባለ፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ የሚያስችል ነጻ ፕሮግራም አለ። በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭነነዋል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱንም አስገብተናል። የተጫነበትንም ቀን በላፕቶፑ ክዳን ላይ ጽፈናል፤ እርሱም እንደ ወረቀቱ ያረጃልና። አሁን የ5ኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ማንኛውንም መጽሐፍ ሲያነሡ መጀመሪያ «የታተመበት ዓመት ስንት ነው?» ማለት ጀምረዋል። አንዷ የአባቷን መድኃኒት ብልቃጥ እንደዚሁ ገልብጣ አይታ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን እንደ ነገረቻቸው አባትዬው ሲስቁ ነግረውናል።

የጎደለውን በተመለከተ ዋናው ዓረብኛና አማርኛን የሚያገናኝ፣ ለልጅ የሚሆን መዝገበ ቃላት ነው። ያለን የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ከዓረብኛ ወደ ዓረብኛ ሲሆን ቃሉን የሚያስቀምጠው በሥሩ ነው፤ «መክተባ» ብሎ ቤተ መጻሕፍትን የሚፈልግ ልጅ «ከተበ» ዘንድ መሄድ አለበት። ይህን ስናስረዳ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ከተበ የእኛም ቃል ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ክታብም፣ ክትባትም ከእርሱው ናቸው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። ደፍተር ደብተር ነው፤ ሱንዱቅ ሳንዱቅ ነው፤ ቀለም እዚያ ብዕር፣ እኛ ዘንድ የሚጻፍበት ቀለም ነው። ሞያ ግን እዚህ ውሃ፣ እቤት የእናት ችሎታ ነው።

እናም የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከገበያ፣ ከቤትና ከክፍል የሰሙትን እየለቀሙ በካርድ ይጽፋሉ። በአንድ ካርድ አንድ ቃል ነው፤ ዓረብኛው፣ አማርኛው፣ የሰሙበት ቦታና ቀን። ትግርኛ የሚናገሩት ልጆች የእነርሱም ይግባልን ብለው አራተኛ መስመር አስጨምረዋል። ካርዶቹ በጫማ ካርቶን ውስጥ በማጣቀሻው መደርደሪያ ታችኛው እርከን ላይ ተቀምጠዋል። በየትኛው ፊደል ተራ ይደርደሩ በሚለው ገና አልተስማሙም። እስኪስማሙ ድረስ ቃል ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን፤ በተለይ የእርሻና የሰሊጥ አጨዳ ቃላት አንሰዋቸዋል።